ባሕሩ ገና ዝግ ነው

የኑርሁሴን ልብስ ስፌት ቤት ከመቀሌው ሮማናት አደባባይ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ዳር ናት። አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ የመተኮሻ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ የተሰካ ትልቅ መስታወት። ከዚያ የተረፈው ቦታ ለአንድ ወንበር ይበቃል። ያ ወንበር የኣረጋዊ ነው። ኣረጋዊ በሩ ላይ ተቀምጦ መንገዱን ሲያይ ይውላል። የሚገባም የሚወጣም እሱን አስነሥቶ ነው። ደንበኛው ሁሉ ለምዶታል።

ኑርሁሴን የወሎ ሰው ነው፤ የሐይቅ። መቀሌ የገባው ጢም ሳያወጣ፣ አጎቱ ዘንድ ስፌት ሊለምድ ነበር። ኣረጋዊ የመቀሌ ተወላጅ፣ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ጉልምስናውን የጨረሰው በደሴና በአሰብ መንገድ ላይ ነው። አማርኛውን የተማረው ከኮምቦልቻ ጋራዦች ነው። የኑርሁሴን ትግርኛ እንከን ባይወጣለትም ሁለቱ ሲጫወቱ በአማርኛ ነው። «የጎረምሳነቴ ቋንቋ ነው» ይላል ኣረጋዊ፤ «በሱ ሳወራ ወገቤን አያመኝም።»

ኣረጋዊና ሚስቱ ለተመድህን ሁለት ልጆች አሏቸው። ታናሿ ሳሊና ሠርጓ ደርሷል። ታላቅ ወንድሟ ሃፍታይ ባሕር ዳር የመርከብ ሞተር ተምሮ፣ ግሪንላንድ በሚባል በዓለም ራስ ላይ ባለ አገር በመርከብ ይሠራል። ጦርነቱ የጎረቤቱን ልጆች ሲወስድ እሱ ባሕር ላይ ነበር። ለተመድህን «ባሕሩ አስቀረልኝ» ትላለች። ልጅ በሞተባት ሴት ፊት ግን አትለውም።

ኣረጋዊ ባለ ቁልፍ ስልክ እንጂ ሌላ አይዝም። ስለዚህ ሃፍታይ መርከቡ ወደብ በደረሰ ቁጥር ድምፁን የሚልከው በኑርሁሴን ስልክ ነው። ኣረጋዊ በሩ ላይ ተቀምጦ ይሰማል፤ ያስደግማል፤ ደግሞ ይሰማል። ልጁ የጤናውን ነገር ቶሎ ይጨርስና ስለ በረዶው ያወራል። አባቱ ያንን ይዞ ሻይ ቤት ይሄዳል።

«በረዶው ወንዝ ነው» ይላል እዚያ። «የቆመ ይመስላችኋል፤ ይሄዳል። ተራራው ላይ በረዶ በበረዶ ላይ ይጫናል። ሲከብደው ቁልቁል ይንሸራተታል። ሄዶ ሄዶ መሬት ያልቅበትና ባሕር ላይ ይደርሳል። ጉዱ እዚያ ነው።»

«ይቀልጣላ» ይላል አንዱ።

«ቢቀልጥማ ምን ጉድ አለው። የግራካሕሱን መንገድ ታውቀው የለም? ክረምት ላይ አስፋልቱ ከላይ ሲያዩት ደህና ነው። ጎርፉ ከሥር አፈሩን በልቶታል። ከባድ መኪና ሲወጣበት ዘጭ። ባሕሩም በረዶውን እንደዚያ ነው የሚበላው። ሲሞላ ያነሣዋል፣ ሲጎድል ይለቀዋል። ሽቦ ወዲህ ወዲያ ስታጥፈው እንደሚደክመው ይደክማል። ከላይ ደግሞ ፀሐይ ያቀለጠው ውኃ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ በክብደቱ ይፈለቅቀዋል። በመጨረሻ ከዚህ ሰፈር የሚተልቅ ቁራጭ ይገነጠላል። ገደል ሲናድ እንደምታየው ነው፤ ግን ተንሳፍፎ ይሄዳል።»

«ኣታ ኣረጋዊ፣ የቤትህ ጣሪያ ሲያፈስ ከርሞ አሁን የሰው አገር በረዶ አሳሰበህ?»

ይሥቃሉ። «የበረዶ አለቃ» የሚል ስም አወጡለት። ቅር አላለውም።

ልጁ ያስተማረው ሌላም ነገር ነበር። በብርዱ ወራት የተገነጠለው ቁርጥራጭ በሁለት ተራራ መካከል የገባውን ባሕር ሞልቶ አንድ ላይ ይረጋል። እንደ ድንጋይ ካብ ሆኖ የበረዶውን ግንብ ደግፎ ይይዘዋል። ያኔ ግንቡ አይሰበርም። ሙቀት መጥቶ ካቡ ሲበታተን ባሕሩ ይከፈታል፣ ግንቡም መውደቅ ይጀምራል። ግንቦት ሲገባ ሃፍታይ «ኣቦይ፣ ባሕሩ ተከፈተ» ብሎ ላከ። ኣረጋዊ የዝናብ ወሬ ይመስል ለሰፈሩ ሁሉ አዳረሰው።

ከዚያ ድምፅ ጠፋ። መጥፋቱ አዲስ አልነበረም፤ መርከቡ ከወደብ ሲርቅ ኔትወርክ የለውም። አንድ ማለዳ ኑርሁሴን ሱቁን ከፍቶ ካውያውን ሲሰካ ስልኩ ጮኸ።

«ጋሽ ኑርሁሴን ነዎት?» ወጣት ነው፤ የጎጃም ቅላጼ አለው። «ወንድሜነህ እባላለሁ። ከሃፍታይ ጋር ነው የምሠራው። ትምህርት ቤትም አብረን ነበርን።»

«ደህና ነው?»

ልጁ ዝም አለ። ኑርሁሴን ከዝምታው ዐወቀ፤ የቀረው ዝርዝሩ ነበር።

ተመራማሪዎች ውኃ ውስጥ ያኖሩትን መሣሪያ ሊያወጡ በትንሽ ጀልባ ወጡ። ሞተሩን የያዘው ሃፍታይ ነው። ከግንቡ የታዘዘውን ያህል ርቀዋል። ግንቡም አልወደቀም። ነገር ግን ግንቡ ከውኃው በታች ወደ ፊት የዘረጋው እግር አለው፤ ከላይ አይታይም። እሱ ተገንጥሎ ከሥራቸው ተነሣ። ቤት የሚያህል ሰማያዊ በረዶ ከባሕሩ ወጣና ጀልባዋን ገለበጣት። ሁለቱን ሰዎች አወጧቸው። ሃፍታይን አላገኙትም።

«ፈለግን፣ ጋሼ። በሄሊኮፕተርም ፈለጉ። አሁን አቁመዋል። ውኃው ሰው የሚቆይበት አይደለም።» ድምፁ ተቆረጠና ተመለሰ። «የእኅቱ ስልክ ነበረኝ። በስልክ እንዴት ይነገራል ብዬ ነው ለርስዎ የደወልኩት። እናንተ ወጉን ታውቃላችሁ።»

«ደግ አደረግህ» አለ ኑርሁሴን።

ስልኩን ኪሱ ሲከት ኣረጋዊ ከመንገዱ ማዶ ወንበሩን ሊይዝ ሲሻገር አየው።

ያን ቀን ከሰዓት ክር ልገዛ ብሎ ወጣና መምህር አስማማው ቤት ሄደ። አስማማው የሰፈሩ ዕድር ሰብሳቢ ነው፤ የጎንደር ሰው፣ መቀሌ አስተምሮ፣ መቀሌ አግብቶ እዚያው የቀረ። ነገሩን ሲሰማ መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ሠርጉ መቼ ነው?»

«የሚመጣው ሳይሆን የዚያኛው እሑድ።»

«ከዚያ ወዲያ የሐዋርያት ጾም ይገባል።» አሰበ። «ድንኳኑ ተይዟል፣ ጠላው ተጠምቋል፣ የሙሽራው ወገኖች ከዓድዋ ይመጣሉ። ሠርግ በመርዶ አይፈርስም። አባቶቻችን ሸፍነው ኖረዋል። መልሱ ይለፍ፤ በማግስቱ ማለዳ እንሄዳለን።»

«እኔስ? ሰውየው የሚውለው በሬ ላይ ነው።»

«ሆድ ይፍጀው።»

«መምህር፣ የኔን ሆድ አያውቁትም።»

«መርዶውን የምትናገረውም አንተ ነህ። እንዴት ሞተ ሲለን ማን ይመልስለታል? በረዶ ከሥር ተነሥቶ ገደለው ብዬ እኔ ብነግረው ያምነኛል? እኔ ራሴ ገና አላመንኩም።»

ከዚያ በኋላ ሱቋ ጠበበች። ድሮም ጠባብ ነበረች፤ አሁን ግን ኑርሁሴን መኪናው ፊት ሲቀመጥ ጉልበቱ ከኣረጋዊ ጉልበት ጋር የሚጋጭ ይመስለዋል። ኣረጋዊ ጠዋት ሲመጣ ከሰላምታ በፊት «መጣ?» ይላል። የልጁን ድምፅ ማለቱ ነው። ኑርሁሴን «አልመጣም» ይላል። ይህ ውሸት አልነበረም። ያችን ያህል እውነት ላይ ቆሞ ከረመ፤ አንድ እግር እንጂ ሁለት አታስቆምም ነበር።

ወንድሜነህ እንደገና ቢደውልስ ብሎ የስልኩን ድምፅ ዘጋ።

«ስልክህን ምን ነካው?» አለው ኣረጋዊ። «ድሮ እንደ አህያ ይጮህ ነበር።»

«አረጀ።»

«አንተ ነህ ያረጀኸው። መርፌ ስትሰካ ዐይኔ እያየ ሦስቴ ሳትክ።»

አሞኛል ብሎ ሱቁን ሊዘጋ አሰበ። ግን ኣረጋዊ ሊጠይቀው ቤቱ ይመጣል፤ ለተመድህንም ሾርባ ይዛ ትከተላለች። ከዚያ የባሰ የለም። ሐይቅ እናቴን ላይ ብሎ ሊሄድ አሰበ። በሠርግ ዋዜማ ቢሄድ ምን ይባላል? የትም ቢዞር በሩ ላይ ሰው ነበር። ማታ ሚስቱ ሙስሊማ ያቀረበችለትን ሳይነካ ሲቀር ለረጅም ጊዜ አየችው።

«የሰው ምስጢር ከሆነ አትንገረኝ» አለችው። «ግን ብላ።»

የባሰው ኮቱ ነበር። ኣረጋዊ ለልጁ ሠርግ ግራጫ ሙሉ ልብስ አዝዟል፤ ሲለካ ክንዱን ዘርግቶ መስታወቱ ፊት ይቆማል። ኑርሁሴን ሜትሩን በትከሻው ላይ ዘርግቶ፣ ከጀርባው ቆሞ፣ መስታወቱ ውስጥ ፊት ለፊት ያየዋል። ሽሽት የለም።

«ሃፍታይም ግራጫ ነው የሚወደው» አለ ኣረጋዊ። «ለሱም ልክ እንደዚህ ታወጣለህ። ሲመጣ። ትከሻው ከኔ ይሰፋል።»

ኑርሁሴን አፉ ውስጥ የያዛቸውን መርፌዎች አላወጣም። ከመርፌዎቹ በስተቀር ያዳነው አልነበረም።

የሠርጉ ሳምንት ገባ። ሐሙስ ዕለት ኣረጋዊ ሲመጣ አልተቀመጠም።

«ስማ» አለ። «ሃፍታይ ሳይመርቃት ሳሊናን አልሰጥም።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ታላቋ ነው። እኔ የሹፌር አፍ ነው ያለኝ፤ ምርቃት ልጀምር ስል ወደ ስድብ ይሄድብኛል። ልጁ ደግሞ ከዚህ በላይ ዝም ብሎኝ አያውቅም። እስከ ነገ ድምፁ ካልመጣ ሽማግሌዎቹን ጠርቼ ሠርጉ ከጾሙ በኋላ ይሁን እላቸዋለሁ። ይጠብቁ። ምን ይሆናሉ?»

«ድንኳኑስ? ሰዉስ?»

«ድንኳን ይነቀላል።»

ኑርሁሴን ወደ አስማማው ሮጠ። መምህሩ ራሱን ይዞ ተቀመጠ። ሠርጉ ለምን እንደቀረ ሰፈሩ ከጠየቀ ነገሩ እሑድን ሳያይ ይወጣል። ያን ጊዜ ኑርሁሴን አንድ ነገር ትዝ አለው። ሚያዝያ ላይ ሽማግሌ ሊላክ ነው ብሎ ለሃፍታይ ነግሮት ነበር። ልጁም ለእኅቱ ምርቃት በድምፁ ቀርጾ፣ «ነገሩ እስኪቆረጥ ለአባቴ አታሰማው፤ ምናልባት በዕለቱ ኔትወርክ ባይኖረኝ ብዬ ነው» የሚል ጽፎበት ልኮለታል። ኑርሁሴን ረስቶት ኖሯል።

«ይህማ የራሱ ቃል ነው» አለ አስማማው። «ምን ውሸት አለበት?»

«ቀኑስ?»

«ቀን ማን ጠየቀህ? አሰማውና ዝም በል።»

ኑርሁሴን መጀመሪያ ብቻውን አዳመጠው። የወር ስም እንዳይኖርበት፣ የበዓል ስም እንዳይኖርበት፣ የሽማግሌ ነገር እንዳይነሣበት ጆሮውን ሰቅሎ ሰማ። ምንም የለበትም። ስለ በረዶ የሚያወራውን ሳያስተውል አለፈው። ሃፍታይ ሁልጊዜ ስለ በረዶ ያወራል።

ዓርብ ጠዋት ኣረጋዊ ገና ከመቀመጡ «መጣ» አለው።

ኣረጋዊ ባለ ቁልፍ ስልኩን አወጣና ሚስቱ ጋር ደወለ። «ለተይ፣ ነዪ። ድምፁ መጥቷል።» ከዚያ ወንበሩን ወደ ውስጥ ሳበ። «አሰማኝ። እሷ እስክትደርስ አልችልም።»

የልጁ ድምፅ ሱቋን ሞላት።

«ሳሊናዬ፣ እኅቴ። ትዳርሽ የተባረከ ይሁን። ወልዳችሁ ሳሙ፣ ዘርታችሁ ቃሙ። እንደ እናትና አባታችን አብራችሁ አርጁ። እኔ ሩቅ ብሆንም ሐሳቤ እዚያው ነው። እዚህ ብርድ ነው። ባሕሩ ገና ዝግ ነው፤ ቁርጥራጩ ግንቡን ጥርቅም አድርጎ ይዞታል፣ ትንፍሽ አይልም። ሲከፈት ለአባታችን ቪዲዮ እልክለታለሁ። ደህና ሁኑልኝ።»

ኣረጋዊ ፈገግ ብሎ ነበር የሚሰማው። ፈገግታው መሐል ላይ ቆመ።

«ድገመው።»

ኑርሁሴን ደገመው። ኣረጋዊ ዐይኑን መሬት ላይ ተክሎ ሰማ።

«መቼ ነው የመጣው?»

«ዛሬ። ጠዋት።»

«ባሕሩ ገና ዝግ ነው አለ።»

«እኔ እንጃ። አለ እንዴ?»

«ባሕሩ ተከፍቷል። ራሱ ነግሮኛል፤ ግንቦት ሲገባ። አንዴ ከተከፈተ እስከ መጪው ብርድ አይዘጋም።» ኣረጋዊ ይህን ሁሉ የሚናገረው በለሆሳስ ነበር፤ ሻይ ቤት እንደሚያወራው አይደለም። «ይህ የቆየ ድምፅ ነው።»

«ሌላ ቦታ ሄደው ይሆናል። ብዙ ባሕር አለ አላልክም?»

«ኑርሁሴን።»

«አቤት።»

«ዛሬ ጠዋት መጣ በልና ወላሂ በል። ወላሂ ካልከኝ ተነሥቼ ድንኳኑ ጋ እሄዳለሁ። ሁለተኛ አልጠይቅህም።»

ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ኑርሁሴን ጨርቅ ሲሸጥ ወላሂ ካለ ዋጋው እሱ ነው፣ የሚከራከረው የለም። አፉን ከፈተ። መቀሱን አነሣ። መልሶ አስቀመጠው። ከውጭ አንድ ባጃጅ ጥሩምባ እያሰማ አለፈ። ቃሉ አልወጣም።

ኣረጋዊ ወንበሩን ወደ እሱ አስጠጋ።

«ከላይ ነው ከሥር?» አለ።

ኑርሁሴን አልገባውም።

«በረዶው። ከላይ ወደቀበት ወይስ ከሥር ተነሣ?»

«ከሥር።»

«እንግዲያው ርቀቱን ጠብቋል።» ኣረጋዊ ራሱን ነቀነቀ፤ የአንድ ሹፌር ጓደኛውን አደጋ እንደሚሰማ ሰው። «ከላይ ቢሆን ኖሮ ተጠግቶ ነው እል ነበር። ከሥር የሚመጣውን ማን ያያል። አስከሬኑስ?»

«አልተገኘም።»

«ማን ያውቃል?»

«መምህር አስማማው። ሁለት የዕድር ሰዎች። እኔ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ኑርሁሴን ቀኑንም የሽማግሌዎቹንም ቀጠሮ ነገረው። ኣረጋዊ መስታወቱ ላይ የተንጠለጠለውን ኮት አየ፤ ከዚያ ኑርሁሴንን አየ። ምን ሊለው እንደነበር አይታወቅም፤ ለተመድህን ነጠላዋን እየሰበሰበች፣ እያለከለከች ደረሰች።

«ሓወይ ኑርሁሴን፣ እውነት ነው? መጣ?»

ኣረጋዊ ተነሣና ወንበሩን ለቀቀላት። በሕይወቱ ለሰው ለቅቆት አያውቅም።

«መርቋታል» አለ። «አሰማት።»

ኑርሁሴን አየው። ኣረጋዊ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ቆሟል፤ ትከሻው በሩን ሞልቶታል። የሚወጣበት አልነበረም። ስልኩን ተጫነው።

ለተመድህን ልጇ «ሳሊናዬ» ሲል አንገቷን ሰበረች። ስለ በረዶው ሲያወራ እንባዋን ጠረገች፤ ለሷ የተዘጋውም የተከፈተውም አንድ ነው። ሲያልቅ እልል አለች። ከጎን ያለው ሱቅ ተቀበላት፣ ከማዶ ሻይ ቤቱም ተቀበላት።

«ብርድ ነው አለ አይደል? ልብስ ይደርብ በለው። ከሸሚዝ በላይ መልበስ አይወድም።»

«እለዋለሁ» አለ ኑርሁሴን።

እሷ ሄደች። ኣረጋዊ እንደቆመ ቀረ።

«እሑድ ሠርግ ነው» አለ። «የዚህ ኮት ግራ እጅጌ ያጥራል፤ አስተካክለው።»

«ኣረጋዊ፣ ሓወይ…»

«ስማኝ። ሽማግሌዎቹ እንዳወቅሁ አይወቁ። በቀጠሯቸው ይምጡ፣ ይንገሩኝ። እናንተ ብትሸፍኑ ወግ ነው፤ ማንም አይቀየማችሁም። ለተመድህን ግን እኔ የልጄን ሞት ይዤ በልጄ ሠርግ እንዳስጨፈርኳት ከሰማች አትምረኝም። ሳሊናንም አላፈርስባትም። ሁለቱንም ማድረግ የሚቻለው ዝም ብሎ ነው። ያንተ አፍ ከተዘጋ የኔ ተዘግቷል።»

ኑርሁሴን አንድ ምስጢር ይዞ ነበር የገባው፤ ሁለት ይዞ ዋለ።

እሑድ ድንኳኑ ሞላ። ኑርሁሴን ለእስላም እንግዶች የተለየውን በግ በማለዳ ባርኮ አረደ፤ ከዚያ ጥግ ይዞ ተቀመጠ። ከበሮው ሲመታ ኣረጋዊ በግራጫ ልብሱ ገባ። ሰዉ ከብቦ ሲያስጨፍረው ትከሻውን እየሰበቀ፣ እየዞረ ጨፈረ። ላቡ በጉንጩ ወረደ። ላብ ብቻ ይሁን አይሁን ኑርሁሴን እንጂ ሌላ የሚጠረጥር አልነበረም።

«የበረዶ አለቃ» አለ ከሻይ ቤቱ አንዱ፣ «ዛሬ ቀለጥክ።»

ኣረጋዊም ከሰዉ ጋር ሣቀ። ሲዞር ግን ዐይኑ በእያንዳንዱ ዙር ኑርሁሴን ላይ ያርፋል፤ እሱም ከዚያ ጥግ መነሣት አልቻለም። ለተመድህን ባሏን ስታይ ደስ አላት። «ዛሬስ ወገቡን ረሳው» አለች ለሴቶቹ።

መልሱ አለፈ። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ደርበው በኣረጋዊ ደጅ ቆሙ። ሳሊናንና ባሏን በሰበብ አስመጥተዋቸዋል። በዚህ ከተማ ሽማግሌ በማለዳ ተሰብስቦ ሲመጣ ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም። ለተመድህን በሩን ከፍታ ፊታቸውን እንዳየች፣ መምህር አስማማው ገና «እግዜር ያጽናሽ» ሳይል ጮኸች። ሳሊና ከውስጥ ሮጣ መጥታ እግሯ ሥር ወደቀች።

ለቅሶው ሲበርድ ለተመድህን ቀና አለች።

«ምን ገደለው?»

አስማማው ወደ ኑርሁሴን አየ። ኑርሁሴን ተነሥቶ ነገራት። በረዶው ከተራራ ወርዶ ባሕር ውስጥ እንደሚገባ፣ ባሕሩ ወገቡን ሲበላው ከላይ ያለው እየተገነጠለ እንደሚወድቅ፣ ከውኃው በታች ግን እግሩ ወደ ፊት ተዘርግቶ እንደሚቀር፣ ልጇም ከግንቡ ርቆ ሳለ ያ እግር ከሥር እንደተነሣ።

«በረዶ ወደ ላይ ይወድቃል?»

«በረዶ ከውኃ ይቀላል፣ ለተይ። ባሕሩ ሁልጊዜ ወደ ላይ እየገፋው ነው። ይዞት የነበረው ሲለቀው ይነሣል።»

«መቼ ነው?»

«ከሠርጉ በፊት ነው» አለ አስማማው ቶሎ ብሎ። «እኛ ሸፈንነው። ልጅቱን ብለን ነው። ይቅር በይን።»

«እናንተስ ወጋችሁ ነው» አለች።

ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች። ኣረጋዊ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። መርዶ እንደሰማ ሰው ሊጮህ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ድምፅ አልወጣውም። ደረቱን ሊመታ እጁን አንሥቶ ነበር፤ እጁ አየር ላይ ቀረ። ያ የማስመሰል እጅ ነበር፤ አብራው ያረጀች ሴት ደግሞ እጁን ታውቃለች።

«አንተ ታውቅ ነበር» አለች።

ኣረጋዊ እጁን አወረደ። ለተመድህን ወደ ኑርሁሴን ዞረች።

«ኑርሁሴን። ያውቅ ነበር?»

ሽማግሌዎቹ ሁሉ ኑርሁሴንን አዩት። ኣረጋዊም አየው። እውነቱን ቢናገር ሰውየውን ከቤቱ ያወጣዋል፤ ቢዋሽ ደግሞ ልጇን ባረዳበት አፍ ነው።

«እሱን አትጠይቂው» አለ ኣረጋዊ። «ዐውቅ ነበር። ከዓርብ ጀምሮ።»

ለተመድህን ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

የሠርጉ ድንኳን በተነቀለበት ቦታ የለቅሶው ተተከለ። ሰው መጣ፣ ተቀመጠ፣ ሄደ። ባልና ሚስት በየፊናቸው ለቅሶ ተቀበሉ። ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ኣረጋዊ ወደ ሱቁ ተመለሰ፤ ከድሮው ማልዶ ይመጣል፣ ከድሮው አምሽቶ ይሄዳል። ቤቱ ያድራል እንጂ አይውልበትም። ሻይ ቤት መሄድ ተወ። ኑርሁሴን ይሰፋል፣ እሱ ይቀመጣል። የሚነጋገሩት የለም፤ አንዱ ሌላውን ትቶ የሚሄድበትም የለም። ቀትር ላይ የጎረቤት ልጃገረድ ከለተመድህን የተላከ ምሳ አምጥታ ታስቀምጣለች። የአንድ ሰው ነው። ኣረጋዊ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይበላዋል።

በጾሙ መካከል አንድ ቀን ምሳውን ያመጣችው ለተመድህን ራሷ ናት። ጥቁር ለብሳለች፤ ከስታለች። ሳህኑን በሁለቱ መካከል መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ አኖረችና ክዳኑን አነሣች። ሽሮ ነው፤ ክርስቲያንም እስላምም የሚበላው። የሁለት ሰው ነበር።

«ያ የመርከቡ ልጅ ይደውላል?» አለች ኑርሁሴንን። ባሏን አላየችውም።

«ይደውላል። ግንቡን እያዩ ነው፤ ምናልባት ውኃው የሚመልሰው ነገር ካለ ብለው።»

«ሲደውል ላክብኝ። እኔ ሳልኖር አታንሣው። ክፉም ይሁን ደግ መጀመሪያ የምሰማው እኔ ነኝ።»

«እሺ።»

«ወላሂ በል።»

«ወላሂ» አለ ኑርሁሴን።

እሷም ይዛው ከመጣችው ማሰሮ ውኃ ቀድታ አስታጠበቻቸው፤ መጀመሪያ ኑርሁሴንን፣ ቀጥላ ባሏን። መብላት ሲጀምሩ አልሄደችም። እስኪጨርሱ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው።